ሊቀ ጆሮ ደምመላሽ እና ሁለቱ መሪዎች

አንድን ነገር ብቻውን መውደድ የማይችል ሰው በየከተማው አለ። ሻይ ብታቀርቡለት የሌላ ቤት ሻይ ያነሳባችኋል። ሙሽራ ብታሳዩት እህቷን ይጠይቃል። ዝናብ ሲዘንብ፣ የአምናው ይሻል እንደነበር ሳይነግራችሁ ጃንጥላ አይዘረጋም። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም አግብታችሁታል። የእናንተ አነጻጻሪ ግን የሰፈር ነው። የእኛ የጅማው የዓለም ነበር።

ክቡርነታቸው ሊቀ ጆሮ ደምመላሽ (ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ በመሥሪያ ቤት ጋሼ ደምመላሽ ይባሉ ነበር) ቡና ቀማሽ ነበሩ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ቡና ቀማሽ ቡና አይጠጣም። በረጅም ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን ስኒዎች እየዞረ በማንኪያ ይቀዳል፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እየጮኸ ይስባል፣ በአፉ ያንከባልላል፣ ከዚያ ጥግ ላይ ባለች ቆርቆሮ ውስጥ ይተፋል። ስኒው ላይ የገበሬም የነጋዴም ስም አይጻፍም፤ ምልክት ብቻ። «ስም የሰማ ምላስ ይዋሻል» ይሉ ነበር ጋሼ። አዲስ ሠልጣኝ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ካዩ ደግሞ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆነው ይጮሃሉ፤ «አትዋጠው!»

እኔ በዚያ ክፍል የናሙና መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። ዳባ እባላለሁ፤ ከሰኮሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ፣ ሸሚዜን በየቀኑ የማጥብ፣ ስለ ሁሉም ነገር የማውቅ የሚመስለኝ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ።

ሙዚቃው ወደ ጅማ የመጣው ከጭነት መኪና ጋር ነው። በዚያ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን መኪና ትሰጠን፣ እኛ ቡና እንሰጣት ነበር፤ ከመኪኖቹ ጋር አንድ መካኒክ መጣ፣ ከመካኒኩ ጋር ደግሞ አንድ ሸክላ ማጫወቻና ሁለት ሳጥን ሸክላ። ጀርመኑ አንድ ቅዳሜ ጋሼ ደምመላሽን ቤቱ ጋብዞ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሲምፎኒ አሰማቸው። ጋሼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተነቃነቁም። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ሌላ አለ?»

ጀርመኑ ሌላ ሲምፎኒ መስሎት ሊያወጣ ተነሳ።

«አይ፣ አይ። ይህንኑ። ሌላ ሰው የመራው።»

ጀርመኑ ቁጭ አለ ይላሉ። ከአገሩ ሲወጣ ሚስቱ «ያንኑ ሙዚቃ ሁለት ጊዜ ተሸክመህ ልትሄድ ነው?» ብላ ስቃበት ነበር። ሁለቱም ሳጥኖች የአንድ ደራሲ ዘጠኝ ሲምፎኒዎች ነበሩ፤ አንዱን አንድ የኦርኬስትራ መሪ፣ ሌላውን ሌላ መሪ ያስቀረጹት። ያን ቀን ጅማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተገናኙ።

የደራሲውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ስም የማይነሳበት የጋሼ ቤት ሕግ አይፈቅድም። በኦስትሪያ ገጠር ያደገ፣ ልጆች ያስተምርና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ይመታ የነበረ፣ ዘጠነኛውን ሳይጨርስ የሞተ ሰው ነው፤ እኛ «ሽማግሌው» ብለን እንጠራው ነበር፣ ይበቃል።

በ1973 ዓ.ም. የጀርመኑ ጊዜ አልቆ ሊሄድ ሆነ። ሁለቱን ሳጥኖች ከነማጫወቻው ለአንድ ሳምንት አዋሰን። ጋሼ ግን በዚያው ሳምንት ለሥራ አጋሮ መሄድ ነበረባቸው፤ ስለዚህ ሸክላውን በካሴት የመቅዳቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። በመዝገብ ላይ «የመስክ ሥራ» ተብሎ ተጻፈልኝ። መስኩ በጋሼ ቤት፣ በሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ በአልጋውና በካውያ ጠረጴዛው መካከል ያለው ቦታ ነበር።

ትእዛዙ አጭር ነው። «ሽፋኑን አውልቅ። ስም እንዳላይ፣ ስም እንዳትነግረኝ። አንዱን ናሙና ሀ በል፣ ሌላውን ናሙና ለ።»

አወለቅሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ አንዱን ክምር ቀዳሁ፤ ሀ ብዬ ጻፍኩበት። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ክምር ሐሙስና ዓርብ ቀዳሁ፤ ለ ብዬ ጻፍኩበት። ቅዳሜ ጀርመኑ ሸክላዎቹን ሊወስድ መጣ። መኪናው ውጭ እየጮኸ ሳለ ወይዘሮ ትርፌ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ከአልጋ ሥር አንድ ክምር ሸክላ ጎትተው አወጡ።

«እነዚህንም ይዞ ይሂድ እንጂ! የካውያው ፍም እንዳያቀልጥብህ ብዬ ረቡዕ ማታ እዚህ ከተትኳቸው። የሠራህባቸውን ደግሞ አቧራቸውን ጠርጌ ወደ ጠረጴዛው መለስኩልህ።»

ሽፋን የለ፣ ስም የለ። ሁሉም ሸክላ ጥቁር ነው፣ ሁሉም መሀሉ ላይ ቢጫ ወረቀት አለው። አንዱን መሪ ሁለት ጊዜ ቀድቼዋለሁ። ሁለተኛው መሪ ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር ተኝቶ፣ አሁን ወደ በርሊን እየሄደ ነው።

እሑድ ጋሼ ከአጋሮ ሲመለሱ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ እንደ አራስ ልጅ ሲያገላብጧቸው ሳይ ዘጋሁት። አፌ ለሦስት ዓመት ተዘግቶ ቀረ።

ያን እሑድ የሰባተኛውን ሲምፎኒ ዘገምተኛ ክፍል፣ መጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ ለን ሰሙ። የቅምሻ ቅጽ አውጥተው የሆነ ነገር ጻፉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይለያያሉ» አሉ።

ከወንበሬ ልወድቅ ነበር።

በእውነትም ይለያዩ ነበር! ለ የዘገየ፣ የከበደ፣ ሐዘን ያደረበት ነው። ምክንያቱን እኔ ዘግይቼ ነው የደረስኩበት። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ሸክላ ማጫወቻው ግን በመብራት። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ተበላሽቶ ነበር፤ ሐሙስ ተጠግኖ የገበያውን እህል ሲያያይዘው የሰፈሩ መብራት ደከመ፣ ከመብራቱ ጋር ሸክላው፣ ከሸክላው ጋር መቶ የሚሆኑ ጀርመናውያን ሙዚቀኞች ደከሙ። እኔ አዲስ መሪ የሰማሁ መስሎኝ «እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!» እያልኩ ስገረም ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ዓመት አስቡት። በየእሑዱ፣ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ እዚያች ሳሎን እንሰበሰባለን፤ ጋሼ ማንኪያቸውን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው ይቀመጣሉ። ማንኪያዋ የብር ናት፤ ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው የሰጧቸው ናት፣ ከኪሳቸው አትለይም። ሙዚቃው ሲያልቅ ማንም አስተያየት ለመስጠት ቢቸኩል ማንኪያዋ ትነሳለች፤ «አትዋጠው! ጆሮህ ላይ አንከባለው!» ስንት ጊዜ ዝም ብለን ሙዚቃ አንከባለልን።

ከዚያ ፍርድ ይሰጣል። «ሀ ጎበዝ ነው፣ ግን አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው። አውቶቡሱ የሚያርፍባት ሰኮሩ ላይ ምሳ አይበላም። ለን ተመልከት! ሰኮሩ ይወርዳል፣ እጁን ይታጠባል፣ ጥብሱን ይበላል፣ ባለቤቱን አመስግኖ ነው የሚሳፈረው።»

ይህን ሁሉ ሲናገሩ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

የሀ ጠበቃ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቲጃኒ ነበር። የጅማ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም በጅሬን መንገድ ላይ የሰፉ። «ወላሂ ጋሼ፣ በእርስዎ በለ ሱሪ ብሰፋ ደንበኛዬ ለዐረፋ ያዘዘውን ለሚቀጥለው ዐረፋ ነው የሚለብሰው!» ይላል። «ሀ ልክ እንደ መኪናዬ ነው፤ ክሩ አይበጠስም።» ዘገምተኛው ክፍል መሀል ላይ ሙዚቃው በተቀረጸበት አዳራሽ ከነበሩት አድማጮች አንዱ ይስላል፤ ቲጃኒ በየእሑዱ፣ ሳያሰልስ፣ «ውሃ ስጡት» ይላል። አንድ ቀን ግን ግንባሩን ቋጥሮ በኦሮምኛ አጠራሩ ጠራኝ።

«ያ ዳባ፣ ይሄ ሰውዬ በሀም በለም ይስላል እንዴ?»

የቴፑን ቁልፍ መነካካት ጀመርኩ። ጋሼ ግን ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ መለሱ፤ «እውነተኛ ሙዚቃ ወዳጅ ማለት ያ ነው። ጉንፋን አያስቀረውም። ሁለቱንም ኮንሰርት ገብቷል።»

«ዱጋ ዳ፣ እውነት ነው» አለ ቲጃኒ፤ ለሰውዬው ያለው አክብሮት ጨመረ።

አንድ እሑድ የቀበሌው ጓድ ፈየራ በሩ ላይ ቆሙ። በየሳምንቱ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት አለ የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል። «ይህ ስብሰባ ፈቃድ አለው?» አሉ። እኔ ወንበር አቀረብኩ፣ ወይዘሮ ትርፌ ሻይ አቀረቡ፣ ጋሼ ሀን እና ለን አቀረቡ። ጓድ ፈየራ ሽጉጣቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው ሰሙ፤ ማለትም ሀን ሰሙ፣ በለ ላይ ተኙ። ሲነቁ እጅ በማውጣት ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ። «እኔ በበኩሌ ለን እደግፋለሁ» አሉ። «ዲሲፕሊን አለው። ሰው አያስቸኩልም።» በሦስት ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፅ ተዓቅቦ፣ ለ አለፈ። ተዓቅቦው የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የጠየቀን የለም፤ ጓድ ፈየራም አልፎ አልፎ ለን ፍለጋ ይመጡ ነበር፣ እንቅልፍ ሲያጡ።

ነገሩ የከረረው በአንድ ክርክር መካከል ነው። ቲጃኒ «ጋሼ፣ እንዲያው ሁለቱ ብዙም ልዩነት የላቸውም እኮ» ብሎ ተናገረ። ጋሼ ተነሥተው ቆሙ። ማንኪያዋን ከፍ አደረጉ።

«ስማ ቲጃኒ። ሁለቱን መለየት ያቃተኝ ቀን ይህችን ማንኪያ ለትርፌ ሽሮ ማማሰያ እሰጣታለሁ። ቅምሻም ይበቃኛል። ጆሮው የደነዘዘ ሰው ምላሱም አይታመንም።»

«ኧረ አሁኑኑ ይስጡኝ» አሉ ወይዘሮ ትርፌ ከጓዳ፤ «የኔው ተሰብሯል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ጋሼን አውቃቸዋለሁ። ከላይ የመጣ ሰው ደካማ ቡና «አንደኛ ደረጃ» ተብሎ እንዲፈረምለት ሲፈልግ፣ ጋሼ የነበራቸው መከላከያ ያች ማንኪያና ስማቸው ብቻ ነበር። «ደምመላሽ አይሳሳትም» ስለተባለ ነው የሚተዉአቸው። አሁን ያንን ስም በእኔ ስህተት ላይ አስይዘውታል።

በ1976 ፈለቀ የሚባል ወጣት መምህር ወደ ከተማችን ኮሌጅ ተመደበ። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ፣ ጸጉሩ የጨፈረረ፣ በዚያ ላይ ቫዮሊን የሚሞካክር ነው። ስለ እሑዳችን ሲሰማ የዚያኑ የሰባተኛውን ሲምፎኒ ሸክላ በብብቱ ሸጉጦ፣ ማጫወቻውን አንጠልጥሎ ደረሰ። ሦስተኛ መሪ! ጋሼ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉት፤ ሽፋኑን ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አወለቁ፤ ናሙና ሐ ተባለ።

ሐ ተጀመረ። ዘገምተኛው ክፍል እየተጠራቀመ፣ እየተጠራቀመ ሄደ፣ ወደ ጫፉ ደረሰ። እዚህ ላይ ሁለቱ የናስ ሳህኖች ይጋጫሉ፤ ለሦስት ዓመት እዚያ ሰከንድ ላይ ሁላችንም ጣታችንን ስናነሳ ኖረናል። ጣታችንን አነሳን። ሳህኑ የለም።

ቲጃኒ ጣቱን እንዳነሳ ቀረ። «የት ሄደ? ሳህኑን ሰረቁት?»

ፈለቀ ሳቀ። «አይደለም ጋሽ ቲጃኒ። ሽማግሌው ሳህኑን ፈልጎት ይሁን ወዳጆቹ ጎትጉተው አስገብተውት አይታወቅም፤ አንዳንድ መሪ ያስመታዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል።»

«ሚቲ! አይሆንም! ቁልፍ የሌለው ኮት ነው!»

ጋሼ ማንኪያዋን አነሱ። «አትዋጠው፣ ቲጃኒ። ሐ ሳህኑን አልመታም፣ ግን እስኪ ዝምታውን አስተውለው። ቁልፉን ትቶ ኮቱን በትከሻው ይዞታል።» በሕይወቴ የሰማሁት ትልቁ ሙዚቃዊ ሂስ ይህ ነው፤ ዛሬም እንዲሁ አምናለሁ።

«አሁን የእርስዎን ሁለቱን ያሰሙኝ» አለ ፈለቀ።

ሀ ተሰማ። ፈለቀ ራሱን ነቀነቀ። ለ ተጀመረ። ፈለቀ መነቅነቁን አቆመ። ሰውዬው ሳለ። «ውሃ ስጡት» አለ ቲጃኒ። ፈለቀ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… እነዚህ አንድ ናቸው። አንድ መሪ፣ አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽ። ሁለተኛው ቀስ ያለ ብቻ አይደለም፤ ድምፁም ወርዷል። ሸክላው ዘግይቶ ሲዞር ነው እንዲህ የሚሆነው።»

ወይዘሮ ትርፌ የሻይ ሰርቪሱን እንደያዙ ቆሙ። ቲጃኒ ወደ ጋሼ አየ፣ ወደ ማንኪያዋ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ዳባ። የቀዳኸው አንተ አይደለህ?»

ተነሳሁ። «ጋሼ፣ እኔ…»

«ቁጭ በል!» አሉ ጋሼ። እንደዚያ ጮኸውብኝ አያውቁም። «ናሙና አይናገርም። መዝገብ ጸሐፊም አይናገርም።» ከዚያ ወደ ፈለቀ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ። «ጎሽ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።»

«ማለት?»

«በእኛ ሙያ ድርብ ናሙና የሚባል አለ። አንዱን ቡና በሁለት ስኒ፣ በሁለት ምልክት ታስቀምጣለህ፤ ቀማሹ ያወቀ እንደሆነ፣ የቀባጠረ እንደሆነ ታያለህ። እነዚህን ቀባጣሪዎች ልፈትን ብዬ ዳባን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ማሳ፣ አንድ ዛፍ ነው። ውሃው ነው የተለየው። ሀ ወፍጮው ሳይጠገን ነው፣ ለ ደግሞ የሐሙስ ገበያ።»

ቲጃኒ ብድግ አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ "ይሄኛው መሪ" "ያኛው መሪ" ሲሉኝ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ዋሸሁ? ሁለት መሪዎች ናቸው። አንደኛው ጀርመን ነው። ሁለተኛው የጅማ መብራት ነው።»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ፈለቀ ግን ወጣት ስለሆነ ማረጋገጥ ፈለገ፤ ቴፑን ወደ ጓዳ ወስዶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ ካሴቶቹን እያቀያየረ ከየትም ቦታ አሥር አሥር ሰከንድ አሰማቸው። አሥር ጊዜ ጠየቀ፣ ጋሼ አሥር ጊዜ መለሱ። «ሀ። ለ። ለ። ሀ…» ምንም አልሳቱም። ወይዘሮ ትርፌ ማማሰያ ሳያገኙ ቀሩ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ስለማፍርበት ነው የምነግራችሁ። «ምን ዓይነት ብልጥ ሽማግሌ ነው» አልኩ። «ድርብ ናሙና! በደቂቃ ውስጥ ፈጥሮ ማንኪያውን አዳነ።» ለእኔ የቀረልኝን ውርደት እንደ ፍርፋሪ ነው የቆጠርኩት፤ ከእሳቸው ማዕድ በአጋጣሚ የወደቀልኝ። እሳቸውም አንድም ቀን አላነሱት። በሚቀጥለው እሑድ ሀ እና ለ እንደ ወትሮው ተሰሙ፣ ቲጃኒ እንደ ወትሮው ለሀ ተሟገተ፣ ሰውዬው ሳለ፣ ውሃ ተጠየቀለት።

ዓመታት አለፉ። ያ መንግሥት ወደቀ፣ ወፍጮ ቤቱ ተሸጠ፣ ጋሼ ጡረታ ወጡ፣ ከዚያም አረፉ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ትርፌ አስጠርተው አንድ የብስኩት ጣሳ ሰጡኝ። «ለዳባ ብሏል» አሉ። ውስጡ ካሴቶቹ አሉ፣ ማንኪያዋ አለች፣ በአራት የታጠፈ አንድ የቅምሻ ቅጽ አለ። ያ የመጀመሪያው እሑድ ቅጽ ነው፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ለዓመታት ወደ መዝገብ የገለበጥኩ ሰው ነኝና አልሳሳትም።

«የካቲት 15 ቀን 1973 ዓ.ም. ናሙና ሀ እና ናሙና ለ። አንድ ማሳ። የለ ውሃ ደክሟል፤ ጣዕሙ ግን ከሀ ይበልጣል። ጉድለት፦ የለም። ማሳሰቢያ፦ ልጁ ደንግጧል። አይነገረው።»

አሁን ስልኬ ውስጥ የሽማግሌው ሰባተኛ ሲምፎኒ በአሥራ አንድ መሪዎች አለ። አነጻጽራለሁ፤ በሽታው ተላላፊ ነው፣ ልጆቼ «አባዬ፣ ይሄንኑ አሁን ሰምተነው የለ?» ይሉኛል። ሳህን የሚመቱ አሉ፣ የማይመቱ አሉ፣ ሰኮሩ ላይ ምሳ የሚበሉም አሉ። ግን አንዳቸውም ወፍጮ ሲነሳ አይደክሙም፤ መሀል ላይ የሚስለውም ሰው ከዚያ ካሴት በቀር የትም የለም። ለን ስሰማ ጉንፋናሙ ወዳጄ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ «ውሃ ስጡት» እላለሁ፣ ከዚያ ማንኪያዋን ከፍ አደርጋለሁ።

ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ያችን የመጨረሻዋን መስመር እስከ ዛሬ አንከባልላታለሁ። አልዋጥኳትም።